ወደ ግራ የሚዞረው ጉንጉን

ስልኩን ያነሳችው አክስቴ ናት። እኔ ከጠረጴዛው ማዶ ተቀምጬ የጥድ ቅርንጫፍ እየመለመልኩ ነበር። ገና ደጃችን ደርሷል፤ በሱቃችን ግድግዳ ላይ ባዶ ሚስማር አልቀረም፣ ሁሉም ላይ የበር ጉንጉን ከነቀይ ሪባኑ ተሰቅሏል። አክስቴ የስልኩን እጀታ በጆሮዋና በትከሻዋ መሃል ሸጉጣ ሽቦ ማጠፏን ቀጠለች። ከዚያ እጇ ቆመ።

«አዎ፣ እኔው ነኝ» አለች። አዳመጠች። «ነጭ ሪባን። እሺ። ፍሬ የሌለው። ትልቁን ነው? እሺ፣ ሳይመሽ ይደርሳል።» ከዚያ ድምጿን ዝቅ አድርጋ «እግዚአብሔር ያጽናችሁ» አለች።

ስልኩን ዘጋችና ፒንሳዋን መፈለግ ጀመረች። ፒንሳው እጇ ውስጥ ነበር።

«ማን ነው?» አልኳት።

«ከቢጫው ቤት ነው» አለችኝ፣ ሳታየኝ።

ፈሪ ነኝ። ውሻ እፈራለሁ፣ ሊፍት እፈራለሁ፣ አክስቴን ደግሞ ከሁለቱም አስበልጬ እፈራለሁ። ስለዚህ ስለ ፍርሃት የማላውቀው ነገር ያለ አይመስለኝም ነበር። ያን ጊዜ የመጣብኝ ግን የማውቀው ዓይነት አልነበረም። መቁረጫውን በጣቶቼ መያዜን እያየሁት አልታወቀኝም።

ነገሩ እንዲህ ነው። ጠዋት ሱቁን ስንከፍት አክስቴ እንደ ልማዷ ሬድዮኑን ከሽቦ ጥቅሎቹ ላይ አስቀምጣ ከፍታው ነበር። ዜና አንባቢው በወንዙ ላይ እየተሠራ ያለው ድልድይ መወጣጫው ትናንት ተደርምሶ አንድ ሰው ሞቷል፣ ሌሎችም ተጎድተዋል አለ። ስም አልጠራም። ያንን ድልድይ ከሚሠሩት መሐንዲሶች አንዱ የቢጫው ቤት ልጅ ነው። የእኔ ነው ማለት ይቀለኛል፤ ነገር ግን አሁንም የእኔ መሆኑን ከእሱና ከእኔ በቀር የሚያውቅ አልነበረም። ወደ ጓሮ ወጥቼ ደወልኩለት፤ ስልኩ ዝግ ነው። ደግሜ ደወልኩ፤ ዝግ ነው። እጄን ታጥቤ ተመለስኩና ምንም እንዳልሰማ ሰው ቅርንጫፌን ያዝኩ።

እኛ የምንሠራው ጉንጉን ሁለት ዓይነት ነው። የገናው ቀይ ሪባንና ቀያይ ፍሬ አለው፤ ሽቦው ቅርንጫፎቹን እያሰረ ወደ ቀኝ ይዞራል። የሐዘኑ ነጭ ሪባን ብቻ ነው፣ ፍሬ የለውም፣ ሽቦውም ወደ ግራ ነው የሚዞረው። ገዢ ይህን አያውቅም፤ ቢነግሩትም ልዩነቱ አይታየውም። አያቴ ያወጣው ደንብ ነው፣ ከእሱ ወደ አክስቴ፣ ከአክስቴ ወደ እኔ የመጣ።

ሌላም ደንብ አለን። ነጭ ሪባን ያዘዘን ሰው «ለማን ነው?» ብለን አንጠይቅም። አክስቴ በወጣትነቷ አንዲት ሴት ጠይቃ ነበር። ሴትየዋ የሟቹን ስም ስትጠራ፣ መሞቱን ገና ያን ጊዜ የሰማች ይመስል እዚያው ወለሉ ላይ ቁጭ አለች። ከዚያ ወዲህ አፋችንን ዘግተን ሽቧችንን እናጥፋለን፤ በሪባኑ ላይ የሚጻፍ ካለ ራሳቸው ይነግሩናል።

ቢጫው ቤት ውስጥ የሚኖሩት እናትና ልጅ ብቻ ናቸው። እናትየው አሁን በስልክ ተናግረዋል።

የማስበውን ነገር ወደ መጨረሻው ላለማድረስ ቅርንጫፉን አጥብቄ ያዝኩት፣ እንዳልጮህ ፈርቼ።

*

አክስቴን ሰፈሩ «ሽቦ» ነው የሚላት። ቀጭን ናት፤ ሲያጎብጧትም ተመልሳ ቀጥ ትላለች። አባቴ ወንድሟ ነበር። ወላጆቼን በልጅነቴ ሳጣ እሷ ወስዳ አሳደገችኝ፣ ለእኔ ስትል ያላገባች መሆኗን ግን አንድ ቀን ከአፏ ሰምቼው አላውቅም። ካልተናገረቻቸው ነገሮች ሁሉ ይበልጥ የሚያስፈራኝም ይኸው ነው።

መሐንዲሱ ወደ ሱቃችን የመጣው ባለፈው ገና ነው። በሩ ላይ ቆሞ ግድግዳውን ቃኘና «እናቴ ትልቅ ግዛ ብላኛለች፤ የትልቅ ልክ የት ድረስ እንደሆነ ግን አልነገረችኝም» አለኝ። መረጥኩለት። ከፍሎ ሲያበቃ እጁን ዘረጋልኝ፣ ጨበጥኩት፣ መለያየት አቃተን። እጄ በጥድ ሙጫ ተለውሶ ነበር።

«እጄን መልሺልኝ እንጂ» አለ እየሳቀ።

«ሙጫ ነው። በዘይት ይለቃል» አልኩት፣ ፊቴ እየጋለ።

እጁን አላቀቀና መዳፉን ገልብጦ አየው። ከዚያ እኔን አየኝ፤ ሰው ሊረሳው የማይፈልገውን ነገር እንደሚያይ ረጅም ጊዜ ወሰደበት። «ዘይት አልፈልግም» አለኝ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ስሜ «ሙጫዬ» ሆነ።

ነገሩ እናቱ ጆሮ የደረሰው ብዙም ሳይቆይ ነው። አንድ ጠዋት ራሳቸው መጡ። ወንበር ሰጠናቸው፣ አልተቀመጡም። ሽርጣችንን አዩ፣ ወለሉ ላይ የወዳደቀውን የጥድ ቅጠል አዩ፣ ከዚያ አክስቴን አዩ።

«የወንድምሽን ልጅ ያዥልኝ» አሏት። «ልጄ የሚያገባው እንደ ቤቱ ነው።»

«የእኔን ልጅ የሚይዝ ሰው አያስፈልጋትም፣ እሜቴ» አለች አክስቴ። «እርስዎ የራስዎን ይያዙ።»

ደህና መልስ ነበር፤ ሰፈሩ ቢሰማው ኖሮ አንድ ወር ያወራው ነበር። ነገር ግን ሴትየዋ ወጥተው እንደሄዱ አክስቴ ውሃ ልትጠጣ ብርጭቆ አነሳችና ግማሹን ደረቷ ላይ ደፋችው። ስትዋረድ አይቻት አላውቅም ነበር። በዚያው ቀን ከፊት ለፊቷ አስቀመጠችኝና «አክስቴን ይንሳኝ፣ ዳግመኛ አላገኘውም በይ» አለችኝ።

ማልኩ። ለትንሽ ጊዜም ጠበቅኩት። ከዚያ አንድ ቀን መንገድ ላይ አየሁት፣ አየኝ፣ መሐላዬ እዚያው አስፋልቱ ላይ ቀረ። ከዚያ በኋላ ስንገናኝ ሁልጊዜ አንድ ዓይኔ በትከሻው ላይ አልፎ መንገዱን ያይ ነበር። እሱ ይህን ያውቃል። ሲስቅበት ቆይቶ በመጨረሻ መሳቁን ተወው።

ወደ ድልድዩ ሥራ የተመለሰ ዕለት አውቶቡስ መናኸሪያ ሸኘሁት። ሻንጣውን አስጭኖ ወደ እኔ መጣና «ለገና ስመለስ ለእናቴም ለአክስትሽም እነግራቸዋለሁ» አለኝ። «አንቺ ምንም አትናገሪ። አጠገቤ ብቻ ቁሚ።»

«አልችልም» አልኩት። «እፈራለሁ።»

«እኔ እያለሁ?»

«አንተ እያለህም።»

ዓይኖቹ ውስጥ የነበረው ቁጣ ቢሆን ኖሮ ይሻለኝ ነበር። ራሱን ነቅንቆ ተሳፈረ፤ አውቶቡሱ ሲንቀሳቀስ በመስኮቱ አላየኝም። ከዚያ በኋላ ሲደውል ምን እንደምለው ስላላወቅኩ አላነሳሁለትም። ዛሬ እኔ ስደውል ስልኩ ዝግ ነው። ያላነሳሁለትን ስልክ እያንዳንዱን እያስታወስኩ፣ ከዚህ በላይ የሚያስፈራ ነገር በዓለም ላይ የለም ብዬ አሰብኩ።

*

«ትልቁን ቀለበት አምጪ» አለች አክስቴ። «ቀድመን እሱን እንጨርስ።»

ሥራችንን ተከፋፍለን ነው የምንሠራው። እሷ ቅርንጫፎቹን በልክ እየቆረጠች በእፍኝ በእፍኝ ታቀብለኛለች፤ እኔ እፍኙን በሽቦው ቀለበት ላይ አስተኝቼ አስረዋለሁ፣ ቀጣዩን ደግሞ የፊተኛውን ጉቶ እንዲሸፍን አድርጌ እደርብበታለሁ። ሌላ ቀን ቢሆን እያወራን ነው፤ የሰፈሩ ሰው አንድ በአንድ በጠረጴዛችን ላይ ያልፋል። ዛሬ የሚሰማው የመቁረጫው ድምፅ ብቻ ነው።

አንዲት ደንበኛ ገባች። ባሏ የሚያመሽባት ሴት ናት፤ ሰፈሩ ሁሉ ያውቃል፣ እሷም ማወቃቸውን ታውቃለች።

«አንድ የሚያምር ስጪኝ» አለቻት አክስቴን። «በሩን ሲያየው ደስ ብሎት በጊዜ እንዲገባልኝ።»

«ለእሱስ ጉንጉን ሳይሆን ገመድ ብትገዢለት ነው የሚሻለው» አለች አክስቴ።

ሴትየዋ እስክትወጣ ድረስ ሳቀች። እኔም ሳቅኩ፤ አፌ ሲስቅ ይሰማኛል። እጆቼ ግን ለብቻቸው ሥራቸውን ይሠራሉ፣ እፍኝ ያስተኛሉ፣ ሽቦ ያዞራሉ፣ ይስባሉ። ከዓይኔ ፊት የማይጠፋው ፊቱ ነው። ውሃው ቀዝቃዛ ይሆን? ወዲያው ይሆን? በመጨረሻ ያሰበው ነገር እኔ አውቶቡሱ በር ላይ ያልኩት ቃል ይሆን? እንዲህ እያልኩ ቀለበቱን ግማሽ ድረስ አደረስኩት።

አክስቴ እጇን ዘርግታ ጉንጉኑን ያዘችው።

«ይሄ ምንድን ነው?»

«ምኑ?»

«ወደ ቀኝ ነው ያዞርሽው።»

አየሁት። እውነቷን ነው። ከልጅነቴ ጀምሮ ስሠራው ተሳስቼ የማላውቀውን ነው የተሳሳትኩት።

«ፍቺውና ወደ ግራ አድርጊው» አለችኝ።

ፒንሳውን አነሳሁ። የሽቦውን ጫፍ ያዝኩት፤ ከዚያ አለፍ ማለት አልቻልኩም።

«አልፈታውም» አልኩ።

አክስቴን እንቢ ብያት አላውቅም። ቃሉ ሲወጣ እኔም እንደ እሷ ደነገጥኩ።

«ምን አልሽ?»

«ወደ ግራ አላዞረውም፣ እታባ። ወደ ግራ ካዞርኩት ሞቷል ማለት ነው።»

መቁረጫውን አስቀመጠች። ቀስ ብላ ማስቀመጧ ከመወርወር ይብስ ነበር። ከዚህ ወዲያ መደበቅ ጥቅም እንደሌለው ስለገባኝ ሁሉንም ነገርኳት፤ መንገዱ ላይ መገናኘታችንን፣ መናኸሪያውን፣ ያላነሳሁለትን ስልክ። ስነግራት ዓይኗን ሳይሆን እጇን ነበር የማየው።

«በስምሽ ምዬ አፈረስኩት» አልኳት። «አንቺን ይንሳኝ ብዬ ማልኩ። ይኸው እሱን ነሳኝ።»

ትገፈትረኛለች ብዬ ጠበቅኩ። ውጪ ትለኛለች፣ ለዚህ ነው ያሳደግኩሽ ትለኛለች ብዬ ጠበቅኩ። ተነስታ ጠረጴዛውን ዞረችና አጠገቤ ተቀመጠች።

«ጠዋት ሬድዮኑ ሲናገር እኔ ያየሁት አንቺን ነው» አለችኝ። «መቁረጫውን ጥለሽ ወደ ጓሮ ስትወጪ፣ አልረሳችውም አልኩ በልቤ።»

«ታዲያ በስልክ ለምን አልጠየቅሻቸውም?»

«ደንባችን ነዋ» አለች። ከዚያ ራሷን ነቀነቀች። «ውሸቴን ነው። ብጠይቃቸው ይነግሩኛል ብዬ ፈራሁ። ከነገሩኝ አንቺን የማረዳሽ እኔ ልሆን ነው።»

አክስቴ ስትፈራ አይቻት አላውቅም ነበር። ጉንጬን በሽርጧ ጫፍ ጠረገችልኝ፤ ሽርጡ ሙጫና ቅጠል ስለሆነ ይበልጥ አቆሸሸኝ።

«መሐላውን እርሺው» አለችኝ። «ያስማልኩሽ እኔ ነኝ፣ ኃጢአቱም የእኔ ነው። እግዜር አንቺን ለመቅጣት ብሎ ድልድይ አያፈርስም፤ ሌላ ስንት ሥራ አለው።»

ተነሳችና ወደ ቢጫው ቤት ደወለች። ተይዟል። ጠብቃ ደወለች። አሁንም ተይዟል። ሐዘን የገባበት ቤት ስልክ እንዲህ እንደሚሆን ሁለታችንም እናውቃለን፤ አልተናገርነውም። አክስቴ ሽርጧን ፈታች። በገና ሰሞን ሱቋን በቀን ስትዘጋ ይህ የመጀመሪያዋ ነው።

«ጨርሺው» አለችኝ ወደ ጉንጉኑ እየጠቆመች።

«ወደ የት?»

«ወደ ጀመርሽው። ወደ ቀኝ።»

እሷ እያቀበለችኝ እኔ እያሰርኩ ጨረስነው። ከዚያ ከነጩም ከቀዩም ሪባን ቆርጣ ሁለቱንም ቦርሳዋ ውስጥ ከተተቻቸው። «እዚያው ደርሰን እናስረዋለን» አለች፣ ቀስ ብላ፣ ለራሷ እንደምትናገር። ሁለቱን ሪባኖች ባንድ ቦርሳ ይዘን ወጣን።

*

ወደ ቢጫው ቤት የሚወስደው መንገድ ዳገት ነው። ግራና ቀኝ ባሉት በሮች ላይ የእኛ ጉንጉኖች ተሰቅለዋል፤ የትኛውን እኔ እንዳሰርኩት፣ የትኛውን አክስቴ እንዳሰረችው ከሩቅ አውቀዋለሁ። አክስቴ ጉንጉኑን በአንድ እጇ ይዛ በሌላው እጄን ያዘችኝ፣ አስፋልት እንደምታሻግረው ሕፃን። የሚያልፉ ሰዎች ሰላም ሲሉን እሷ ትመልሳለች። እኔ የማስበው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ በሩ እስካልተከፈተ ድረስ አልሞተም። ቀስ ብለን ብንሄድ ትንሽ ይቆያል።

የቢጫው ቤት በር ላይ ምንም አልተሰቀለም።

አንኳኳች። ቆየ። አክስቴ ደግማ ልታንኳኳ እጇን ስታነሳ በሩ ተከፈተ። እናቱ ናቸው። ዓይናቸው ቀልቷል፣ ፀጉራቸው አልተበጠረም። መጀመሪያ ጉንጉኑን አዩ፣ ቀጥሎ እኔን። ፊታቸው ላይ ያየሁትን ነገር ጥላቻ ነው ብዬ ተረጎምኩት።

በደንባችን ዝም ማለት ነበረብኝ። «ለማን ነው?» አልኳቸው።

ጉንጉኑን ደግመው አዩት።

«እሜቴ፣ ለማን ነው?»

«ለፎርማኑ» አሉ።

ሰማሁት፤ አልገባኝም። አክስቴ ገብቷት ኖሮ እጄን አጥብቃ ጨመቀችው።

«ልጅዎስ?» አለች።

«ውስጥ ነው። ዛሬ ጎህ ሲቀድ አመጡልኝ። ግራ እጁ ተሰብሯል።» የበሩን ጠርዝ ተደገፉ። «የሞተው የሠራተኞቹ አለቃ፣ ፎርማኑ ነው።»

ያን ጊዜ ደስ አለኝ ብል ቃሉ ያንሳል፤ አለቀስኩ ብልም አይሆንም። ግድግዳውን ይዤ እስትንፋሴን መፈለግ ነበር የያዝኩት። አክስቴ ግን ሽቦ ናት፣ ቀጥ አለች።

«በስልክ ለምን አልነገሩንም?» አለቻቸው። «ይህቺ ልጅ የእሱ ነው ብላ ስትሠራ ዋለች እኮ።»

ሴትየዋ ዓይናቸውን መሬት ላይ ጣሉ። «ከእናንተ ሱቅ ይሁን ያለው እሱ ነው። ስልኩ ወንዝ ገብቷል። ‹ለፎርማኑ ነው በያቸው፣ እንዳትደነግጥብኝ› አለኝ። ከዚያ ሌላ ቃል አልተናገረም።»

«እና?»

«ከነገርኳችሁ ትመጣለች ብዬ ነው።» ድምፃቸው ሊሰማ እስከማይችል ድረስ ወረደ። «ሌሊቱን ሙሉ ሞተ ወይስ ዳነ ስል አደርኩ። ገና አሁን ሳገኘው፣ ወዲያው የሚወስድብኝ ሰው ይመጣል ብዬ ነው።»

አክስቴ የምትመልሰው ነገር ነበራት፤ ከንፈሯ ሲዘጋጅ አይቻለሁ። ተወችው። እኔን በትከሻዬ ገፋ አድርጋ «ግቢ» አለችኝ።

በኮሪደሩ ጠረጴዛ ላይ የስልኩ እጀታ ከመቀመጫው ወርዶ ተጋድሟል። እሱ ወጥ ቤት ውስጥ፣ መስኮቱ ሥር ተቀምጧል፤ እጁ በጄሶ ተጠቅልሎ ከአንገቱ ታስሯል፣ ፊት ለፊቱ ያልተነካ ሻይ አለ። ስገባ ዓይኑን አነሳ። ሌላ ጊዜ ሲያየኝ ፊቱ ላይ የሚመጣው ፈገግታ አልመጣም። ዓይኖቹ ብቻ እኔ ላይ ቆሙ፣ ሌላ የሚያርፉበት ቦታ እንደሌላቸው።

«መጣሽ» አለ።

«የሞትከው አንተ መስለኸኝ ነበር።»

«መሞት የነበረብኝማ እኔ ነኝ።» ድምፁ ደርቋል። «መወጣጫው ላይ የነበርኩት እኔ ነኝ። ‹አንተ ልጅ ውረድና ሻይህን ጠጣ፣ ደክሞሃል› ብሎ አስወርዶኝ እሱ ወጣ። እኔ ስኳር እያማሰልኩ ነበር። ሮጬ ደረስኩ፣ እጁን ያዝኩት። ያዝኩት እኮ። ከዚያ መወጣጫው ሲወድቅ እሱን ከእጄ ነጠቀኝ፣ የእኔም እጅ ተሰበረ።»

አጠገቡ ተንበረከክኩና ደህናውን እጁን በሁለት እጄ ያዝኩት።

«ሚስቱ ቤት ዛሬ መሄድ አለብኝ» አለኝ። «ጉንጉኑን ማድረስ ያለብኝ እኔ ነኝ፣ ሌላ ሰው አይሆንም። በሩን ከፍታ እኔን ቆሜ ስታየኝ ምን እላታለሁ? ባልሽ በእኔ ፈንታ ወጣ እላታለሁ?» እጄን አጥብቆ ያዘው። «ብቻዬን መሄድ እፈራለሁ፣ ሙጫዬ።»

እፈራለሁ ሲል ሰምቼው አላውቅም፤ እፈራለሁ ባይዋ ምን ጊዜም እኔ ነበርኩ። ቀና ስል እናቱና አክስቴ በሩ ላይ ቆመዋል። የሚቀጥለውን ቃሌን ሁለቱም እንደሚሰሙት አውቄያለሁ።

«አብሬህ እሄዳለሁ» አልኩት። «በዋናው መንገድ፣ እጅህን ይዤ። በሩ ሲከፈትም አጠገብህ እቆማለሁ።»

ከዚያ አክስቴ መጣችና ጉንጉኑን ጠረጴዛው ላይ፣ ሻዩ አጠገብ አስቀመጠችው።

«ከመሄዳችሁ በፊት ይሄ ይፈታ» አለች። «ወደ ቀኝ የዞረ ለሐዘን ቤት አይወሰድም። ሰውዬው በደንቡ ይሠራለት።»

ፈታሁት። በፍርሃት አጥብቄ አስሬው ኖሮ ሽቦው ጣቴን ቆረጠኝ። እሱ በደህና እጁ ቀለበቱን ያዘልኝ፤ አክስቴ ታቀብለኛለች፣ እኔ ወደ ግራ አዞራለሁ። በየእፍኙ መሃል ቀና ስል ዓይኑን እኔ ላይ አገኘዋለሁ። አሁን የምሠራው ለእውነተኛ ሟች ነበር፤ የሻይ ሰዓት የሚያከብር፣ ወጣት ሲደክም የሚያይ ሰው። ስለማላውቀው ሰው ሳለቅስ እንባዬ በጥዱ ላይ ይንጠባጠብ ነበር። እናቱ ቆመው ሲያዩን ቆዩ። የወዳደቀውን ቅጠል ሊለቅሙ ጎንበስ አሉ፣ ተዉት፣ ወዲያና ወዲህ አሉ። በመጨረሻ አክስቴ ነጩን ሪባን ከቦርሳዋ አውጥታ ሰጠቻቸው።

«ጫፉን ያስተካክሉልኝ፣ እሜቴ» አለቻቸው። «የእኔ ዓይን ደክሟል።»

የአክስቴ ዓይን አልደከመም። ሴትየዋ ተቀብለው ሪባኑን በጣታቸው ደጋግመው አለሰለሱት፣ ሲታሰርም ቋጠሮውን ያዙልን። ከዚያ ከወጥ ቤቱ ወጥተው ሄዱ።

ፍርሃቴ ተመለሰ። አሁን በሩን ይዘጉብናል፣ ወይም ሰው ይጠራሉ፣ ወይም «አይወጣም» ይላሉ ብዬ ጠበቅኩ። እሱም ጠበቀ። ጉንጉኑ አልቆ ጠረጴዛው ላይ ተቀምጧል፤ ማናችንም አላነሳነውም። የእግራቸው ኮቴ ከኮሪደሩ ሲመለስ አክስቴ ሳትቀር ወደ በሩ ዞረች።

በእጃቸው የያዙት ኮት ነው፣ የወንድ፣ ሰፊና ወፍራም። የሟች አባቱ መሆን አለበት። ልጃቸውን አልፈው ወደ እኔ መጡ።

«እጅጌው ሰፊ ነው» አሉኝ። «የተሰበረውን እጁን ቀድመሽ አስገቢለት። ቀስ ብለሽ። እኔ ስነካው ያመዋል፣ አያመኝም እያለ ይዋሸኛል።»

ኮቱን ስቀበላቸው ቶሎ አልለቀቁልኝም። ይህንን ሁሉ ጊዜ እኔ እሳቸውን ስፈራ፣ እሳቸው እኔን ይፈሩኛል ብዬ በሕልሜም አስቤ አላውቅም።

እጁን ቀስ ብዬ አስገባሁት። አላመመውም፣ ወይም አልነገረኝም። ጉንጉኑን አነሳሁና በሌላው እጄ እጁን ያዝኩት። በሩ ላይ ስንደርስ ወደ እሳቸው ዞርኩ።

«ይዤው እመለሳለሁ፣ እማማ» አልኳቸው።